ቃል በሳንቲም

ዠኔቭ፣ ግንቦት ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ሞን ብላን መንገድ ላይ፣ ከፖስታ ቤቱ ደጃፍ፣
የሐይቁ ነፋስ ሰውን እንደ ወረቀት ሲያጥፍ፣
ካፖርቴን ጨብጬ ተራ እጠብቃለሁ፤
ኪሴ ውስጥ ፍራንኩን በጣቴ እቆጥራለሁ።
ስምንት። ዘጠኝ። ዐሥር። የለም፣ ቁጥሩ አሳተኝ፤
ዐሥረኛው ከካፖርቴ የወለቀ ቁልፍ ነው የነካኝ።

ትናንት በአዳራሹ፣ በዚያ በእብነ በረዱ፣
«ማንም እንደ ፈቃዱ፣ ማንም እንደ መንገዱ»
ብለው አሰናበቱን፤ ድምፅ እንኳ አልተሰጠ፤
የሻይ ሰዓት ደርሶ ብዙ ሰው አልተቀመጠ።

ነጋድራስ እንግዳወርቅ እግራቸው አብጦ፣
ማዳም ፔሪላ ቤት፣ የሦስት ወር ኪራይ አፍጦ፣
ካልጋ ሳይነሡ «ጻፍ» አሉኝ፣ ለሎንዶን ሌጋሲዮን፤
በፈረንሳይ አፍ ጻፍሁ፣ እንደ ልማዳችን።
ቃሉ በሳንቲም ነው። አርባ ሰባት ሞላ።
ገንዘባችን የሚችል ሠላሳ አንድ፤ ሌላ
ፍራንክ የለም። ትርፉ ዐሥራ ስድስት። ሳቅሁ ብቻዬን፤
የዚያን አንቀጽ ቁጥር፣ ሃምሳ መንግሥት የማለበትን።

እኚሁ ሰው ነበሩ፣ ልጅ ሆኜ ቀለም ስቀዳ፣
ፖለቲካ ያስተማሩኝ፣ ያለ መጽሐፍ ያለ ሰሌዳ፦
«ሦስት ጅብ ካንድ በረት ደጅ ቢሰለፍ አትፍራ፤
አንዱ አንዱን ይጠብቃል፣ አንዱ ሌላውን ሲፈራ።
ላንዱ ሐዲድ ስጠው፤ ላንዱ ባንክ ይክፈት፤
ላንዱ ደግሞ ፈገግ በልለት።
ቁልፉን ብቻ ለማንም።»

በዚህ ብልሃት አርባ ዓመት አደርን፤
ያመጡልንን ውል ስናነብ፣ ግሱ ሲጣመም እያረምን።
ኋላ ማኅበር ጠጣን፣ ጅቦቹም ያሉበት፤
ጽዋው ዞሮ ዞሮ እኛ ዘንድ ሲደርስ አተላ ቀረበት፤
ሙሴውም ሰዓቱን አየ።

እርሳሴን አውጥቼ መሠረዝ ጀመርሁ።
«እጅግ የተከበሩ» ሄደ።
«እንደሚታወቀው» ሄደ፤ የሚታወቅ ነገር የለም።
«ወዳጅ መንግሥታት»፦ እዚህ ላይ አላመነታሁም።
«ፍትሕ» ላይ ስደርስ ቆምሁ። ከኋላዬ የቆመች ሴት ጉሮሮዋን ጠረገች።
ሠረዝኋት። ሳንቲሟ ለሌላ ቃል ትሆናለች።

ሠላሳ ስምንት። ሠላሳ ስድስት። ከዚያ ወዲያ እንቢ አለ።
«አልሞተችም» የምትለው፣ ለካ፣ በነሱ አፍ
አራት ቃል ትበላለች፤ ባራት ዋጋ ነው የምትጻፍ።
በእኛ ግን አንዲት ናት፤ ከፊት «አል»ን አጥራ፣
ከኋላ «ም»ን ዘግታ፣ ሞትን መሀል አስራ።

ወረቀቱን ገለበጥሁ። ባማርኛ፣ በላቲን ፊደል፣
እንደገና ከላይ ጀመርሁ።
ሃያ ዘጠኝ ወጣ።
ፍትሕን መለስኋት፤ ሠላሳ።
አንድ ቃል ተረፈኝ፤ የት እንደማኖራት አላወቅሁም።

ሙሴ ሻፑዊ፣ የመስኮቱ ሹም፣ መነጽሩን ገፋ አድርጎ፣
«ምስጢር ነው እንዴ? የምስጢር ታሪፉ ሌላ ነው» አለ።
«ቋንቋ ነው።»
«የማን?»
ትናንት ከዚያ ሁሉ ሚኒስትር
አንድም ሰው ይህን አልጠየቀንም ነበር።

ወፍራም መጽሐፍ ሳበ፤ ጣቱን በምላሱ አርጥቦ
ገለጠ፣ ገለጠ። የተፈቀዱ ልሳናት፣ በነሱ ፊደል ተራ፦
አልባንኛ፤ ጀርመንኛ፤
አማርኛ፤ እንግሊዝኛ ከእኛ በታች።
«አለ» አለኝ። ያገሩም ስም በጎኑ ነበር፣ ሳይሠረዝ።
«ያለፈው ዓመት እትም ነው» አለ፣ እንዳጠፋ ሰው ቀላ ብሎ፤
«አዲሱ ገና አልደረሰንም።»

ቃሉን በእርሳሱ ጫፍ አንድ ባንድ ነክቶ ቆጠረ፤
ፍትሕንም ነካት፣ ከሌላው ሳይለይ።
ማኅተሙን መታ።
ፍራንኩን ዘረገፍሁ፤ ቁልፉም አብሮ ወጣ፣
ተንከባሎ ሄዶ እክንዱ ሥር ተኛ።
አነሣው። ወደ መብራቱ አቅርቦ አየው።
«ይህን አንቀበልም» ብሎ መለሰልኝ።

ኪሴ ከተትሁት።
ውጭ ነፋሱ አልበረደም፤
ካፖርቴን በእጄ ጨብጬ ወደ ነጋድራስ ወጣሁ።